ስለ በረዶ ፍልጥ ቤተ መዘክር፤ ለመንደር ትምህርት ቤትም ስለሚሰጠው ምሳሌ

ቤተ መዘክር ማለት የማስታወሻ ቤት ማለት ነው፤ ቃሉም ዘከረ ካለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ዘከረ ማለት አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነውና። ብዙ ሰው ግን በእንደዚህ ያለ ቤት የሚቀመጠው የነገሥታት ዘውድ፣ የጀግኖች ጋሻና ጦር፣ ወርቅና ብር ብቻ ይመስለዋል። እንዲህም ስለሚመስለው በገዛ ጓዳው ያለውን፣ አባቱና አያቱ ኑሯቸውን ያቀኑበትን ዕቃ እንደ ከንቱ ቆጥሮ ለምድጃ ይሰጠዋል። ይህ አሳብ ምን ያህል ጉዳት እንዳለበት አስተማሪዎችና የአገር ሽማግሌዎች ያስተውሉ ዘንድ፣ ሁለት የተፈለጡ እንጨቶችን አክብሮ ስለሚያኖር ስለ አንድ ሩቅ አገር ቤተ መዘክር ከዚህ ቀጥሎ ተጽፏል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የቤተ መዘክሩ ስፍራ

ኖርዌይ በአውሮጳ ሰሜን ጫፍ የምትገኝ፣ ተራራዋ የበዛ፣ ብርዷም የጸና አገር ናት። ከዋና ከተማዋ ከኦስሎ በላይ ሆልመንኮለን የሚባል በዛፍ የተሸፈነ ኮረብታ አለ፤ እንጦጦ አዲስ አበባን ቁልቁል እንደሚያይ ይህም ኮረብታ ኦስሎንና ከተማው የተቀመጠበትን የባሕር ሰርጥ ቁልቁል ያያል። ከከተማው መካከል የሚነሣ የኤሌክትሪክ ባቡር ጐብኚውን እያዞረ ወደ ኮረብታው ያወጣዋል። በዚያ ከ1892 ጀምሮ በበረዶ መንሸራተቻ የመዝለል ውድድር ይደረጋል፤ አሁን ከሩቅ የሚታየው ከብረት የተሠራው የመዝለያ ግንብ በ2010 የተፈጸመ ነው። ከመዝለያው ግርጌ የሚገኘው የስኪ ቤተ መዘክር በ1923 ተከፈተ፤ ስለዚህ ነገር ብቻ በዓለም ላይ ከተቋቋሙት ቤተ መዘክሮች ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነው። ስኪ የተባለው ያ የበረዶ መንሸራተቻ ነው።

የኖርዌይ ሕዝብ ይህን ዕቃ ምን ያህል እንደሚወድ ከነገሥታቱ ሥራ ይታወቃል። ንጉሥ ኦላቭ 5ኛ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1922 እና በ1923 በዚሁ በሆልመንኮለን ከሌሎች ወጣቶች ጋር በመዝለል ተወዳደሩ። ከነገሡም በኋላ በ1973 የነዳጅ እጥረት ሆኖ በዕረፍት ቀን መኪና መንዳት በተከለከለ ጊዜ፣ ስኪያቸውን ይዘው እንደ ማንኛውም ሰው በሕዝቡ ባቡር ተሳፈሩ። በዚያን ቀን የተነሣው ፎቶግራፍ በኖርዌይ ሰዎች ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። ንጉሡና ገበሬው በአንድ ዓይነት እንጨት የሚሄዱ ከሆነ፣ ለእንጨቱ ቤት መሠራቱ የሚያስደንቅ አይሆንም።

የበረዶ ስሞች

ወደ ቤተ መዘክሩ ውስጥ ከመግባት በፊት የዚያ አገር በረዶ ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። በሰበታ ያለ ሕፃን በረዶ ሲባል የሚያስበው በክረምት ከነጐድጓድ ጋር እየጮኸ የሚወርደውን፣ ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ ሰብል የሚመታውን ጠጠር ነው። የኖርዌይ በረዶ ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ ያለ ድምፅ ይወርዳል፤ ወርዶም ወዲያው አይቀልጥም፤ በተራራው ላይ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረበ ለወራት ይቀመጣል። አጥርና መንገድ ይሸፍናል፤ በእግሩ የሚሄደውንም ሰው ያሰጥመዋል።

አማርኛ ሁለቱንም በአንድ ስም በረዶ ይላቸዋል። ግእዝ ግን ይለያቸዋል፤ ጠጠር ሆኖ የሚወርደውን በረድ፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውን ሐመዳ፣ ሌሊት በሣር ላይ የሚረጋውን ውርጭ አስሐትያ ይለዋል። እነዚህ ቃላት ዳዊት ለደገመ ሁሉ የታወቁ ናቸው፤ ብዙ ሽማግሌዎች ሐመዳን በዓይናቸው ሳያዩ ስሙን በቃላቸው ያውቁታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው አመዳይም ስሙ ከሐመዳ ጋር ዘመድ ነው። እንግዲህ አስተማሪው ስለ ስኪ ሲናገር፣ ነገሩ ስለ ሐመዳ እንጂ ስለ ክረምቱ የበረዶ ጠጠር አለመሆኑን አስቀድሞ ለተማሪዎቹ ያስረዳ።

የአክሱም ንጉሥ ያየው በረዶ

በኢትዮጵያ ምድር ሰው በሐመዳ ውስጥ የሄደበት ዘመን እንደ ነበረ የሚመሰክር ጥንታዊ ጽሑፍ አለ። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስ ወደብ መጣ። በዚያም ከዕብነ በረድ የተሠራ ዙፋን አገኘ፤ በዙፋኑም ላይ በጽርእ ቋንቋ የተቀረጸ ጽሑፍ ነበረ። ንጉሡ ጽሑፉ ተገልብጦ እንዲላክለት አዞ ነበርና ኮስማስ ገለበጠው፤ ኋላም በራሱ መጽሐፍ ውስጥ አኖረው። ጽሑፉ ከዐፄ ካሌብ ብዙ ዘመን ቀድሞ የነበረ፣ ስሙ የጠፋ የአክሱም ንጉሥ ያደረገውን ዘመቻ የሚናገር ነው። ያ ንጉሥ ታላቁን ወንዝ ተሻግሮ በስሜን ተራሮች ያሉትን ሰዎች እንደ ወጋ፣ በዚያም ስፍራ ብርዱ እንደማይለይ፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ይተርካል። የታሪክ ሊቃውንት ወንዙ ተከዜ እንደ ሆነ ይናገራሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፣ የአክሱም ሠራዊት በስሜን ተራራ ያገኘው ችግርና የሰሜን አውሮጳ አዳኝ በየዓመቱ ያገኘው ችግር አንድ መሆኑ ነው፤ ሁለቱም እስከ ጉልበት ሰጥመዋል። በስሜን በረዶው በጥቂት ከፍታ ላይ የሚገኝ ስለ ሆነ ሰው ከእርሱ ወርዶ መኖር ይችላል፤ ዛሬም በራስ ደጀን አካባቢ አንዳንድ ጊዜ ወርዶ ምድሩን ነጭ ቢያደርገውም ብዙ ሳይቈይ ይቀልጣል። በኖርዌይና በስዊድን ግን ከበረዶው የሚሸሽበት ስፍራ ስላልነበረ ሰው በላዩ የሚሄድበትን ብልሃት መፈለግ ግድ ሆነበት። ሁለተኛው ነገር ይህ ነው፦ የአዱሊስ ዙፋን ዛሬ የለም። ቃሉ ለእኛ የደረሰው አንድ ነጋዴ ቆሞ ስለ ገለበጠው ብቻ ነው። ኮስማስ ዙፋኑን አይቶ ዝም ብሎ አልፎ ቢሆን ኖሮ የስሜን በረዶና የዚያ ንጉሥ ዘመቻ አብረው በጠፉ ነበር።

ስኪ ሰውን ከመስጠም የሚያድነው እንዴት ነው

የስኪ ብልሃት የክብደት አከፋፈል ነው። ግመል በአሸዋ ላይ ሳትሰጥም የምትሄደው እግሯ ሰፊ ስለ ሆነ ነው፤ በቅሎ ግን ሰኮናዋ ጠባብ ስለ ሆነ በጭቃ ትያዛለች። ሰውም እንዲሁ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲራመድ ክብደቱ ሁሉ ባንድ እግሩ ላይ ይወድቃል፤ የውስጥ እግሩ ርዝመት 25 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 250 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 240 ግራም ያህል ይጫናል። ያው ሰው ርዝመቱ 187፣ ወርዱ 17 ሳንቲ ሜትር በሆነ እንጨት ላይ ቢቆም ስፋቱ ወደ 3,180 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በያንዳንዱም ላይ የሚጫነው 19 ግራም ብቻ ይሆናል። ጫናው ከ12 እጥፍ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ሰውየው አልቀለለም፤ በረዶው የሚሸከመው ስፍራ ግን ሰፋ።

ይህን ለማሳየት ሐመዳ አያስፈልግም። በክረምት የሰበታ ዋልካ መሬት ውኃ በጠገበ ጊዜ አስተማሪው ለስላሳ ስፍራ ይምረጥ። አንድ ተማሪ በባዶ እግሩ ቆሞ እግሩ የሰጠመበትን ጥልቀት በበትር ይለኩ፤ ከዚያም ያው ተማሪ በአጠገቡ በተዘረጋ ጣውላ ላይ ቆሞ እንደ ገና ይለኩ። የእግሩንና የጣውላውን ስፋት በሒሳብ አውጥተው ያመዛዝኑ። አንድ ጊዜ በጭቃ የታየ ትምህርት በሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ከተጻፈው ይልቅ በልብ ይቀራል።

ሁለተኛው ብልሃት ስለ መሄድ ነው። የሚያዳልጥ እንጨት ቁልቁለት ሲወርዱ ይጠቅማል፤ አቀበት ሲወጡ ግን ወደ ኋላ ይመልሳል። የጥንት ሰዎች ይህን በቁርበት አሸነፉት። በኖርዌይ አንዳንድ አውራጃዎች እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ሁለቱ ስኪዎች እኩል አልነበሩም፤ አንደኛው ረጅምና ልሙጥ ሆኖ ሲያንሸራትት፣ ሁለተኛው አጭር ሆኖ ከሥሩ ጠጕር ያለው ቁርበት ይለበጥበት ነበር። ጠጕሩ ወደ ኋላ የተኛ ስለ ሆነ ወደ ፊት ሲገፉት ይንሸራተታል፤ ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ግን ጠጕሩ ቆሞ በረዶውን ይይዛል። የከብት ቁርበት ወደ ጅራት ሲዳብሱት የሚለሰልስ፣ ወደ ራስ ሲዳብሱት የሚሻክር መሆኑን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም፤ ያንኑ ዕውቀት የሰሜን ሰው ለመንገድ አዋለው።

ስለ ስኪ ታሪክ የተገኘው

ስኪ የሚለው ስም በጥንቱ የሰሜን ሰዎች ቋንቋ የተፈለጠ እንጨት ማለት ነው፤ በአማርኛ ፍልጥ ከሚለው ጋር ትርጓሜው አንድ ነው። ስሙ እንዲህ የተዋረደ ቢመስልም ዕድሜው የከበረ ነው። በስዊድን አገር ካልቭትሬስክ በተባለ ስፍራ በ1924 ከረግረግ ውስጥ የወጣ ስኪ 5,200 ዓመት ያህል እንዳለው ታውቋል፤ ይህም ማለት ከአክሱም ሐውልቶች ከ3,000 ዓመት በላይ ይቀድማል። እንጨት ይህን ያህል ዘመን ሳይበሰብስ የቈየው በረግረጉ ውስጥ አየር ስለማይደርስ ነው። አብሮት የተገኘውም በትር ጫፉ እንደ አካፋ የሰፋ ነው፤ መመርኰዣም በረዶ መዛቂያም ሊሆን ይችላል።

በኖርዌይ ተራሮች ደግሞ የምድር ሙቀት ከመጨመሩ የተነሣ ዘላለማዊ ይባል የነበረው በረዶ እየቀለጠ የጥንት ሰዎች ዕቃ ይገለጣል። ዲገርቫርደን በሚባል ስፍራ በ2014 አንድ የእንጨት ስኪ ተገኘ። መርማሪዎቹ ጓደኛው በአጠገቡ ሊኖር እንደሚችል አስበው በረዶው እስኪቀልጥ ጠበቁ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ በ2021 ሁለተኛውን አገኙት። 1,300 ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው። ከዚህ በላይ ለሒሳቡ የተነገረው ልክ፣ ርዝመቱ 187፣ ወርዱ 17 ሳንቲ ሜትር ያለው፣ የኋለኛው ነው። የእግር ማሰሪያው ከተጠማዘዘ የበርች ልጥና ከጠፍር የተሠራ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው፣ ስኪዎቹ በብዙ አገልግሎት የተጐዱና የተጠገኑ መሆናቸው ነው። ባለቤቱ ሲሰበር አልጣለውም፤ ገበሬ የተሰነጠቀ ሞፈሩን በጠፍር እንደሚያስር እርሱም አሰረው።

በኖርዌይ ዜና መዋዕል ደግሞ በ1206 የሆነ አንድ ታሪክ ይነገራል። በአገሩ ውስጥ የወገን ጦርነት ሆኖ ሳለ ጠላቶች ሁለት ዓመት ገደማ የሆነውን የንጉሥ ልጅ ሆከንን ሊይዙት ፈለጉ። ያን ጊዜ ሁለት ታማኝ ወታደሮች በክረምቱ ልብ ሕፃኑን ይዘው በስኪ ተራራ አቋርጠው አዳኑት። የነዚያ ወገኖች ስም ቢርከባይነር ይባል ነበር፤ ድሆች ስለ ነበሩ እግራቸውን በበርች ቅርፊት ይጠቀልሉ ነበርና ከዚያ የወጣ ስም ነው። ሕፃኑም አድጎ በ1217 ነገሠ፤ እስከ 1263 ድረስም ገዛ።

ስኪን ከመንገድ ዕቃነት ወደ ጨዋታና ወደ ውድድር ካደረሱት ሰዎች ስሙ የገነነው ሶንድረ ኑርሃይም ነው። በ1825 በቴሌማርክ አውራጃ ተወለደ፤ በሰው መሬት ላይ የሚኖር ድኻ ጭሰኛ ነበር። ተረከዝን ጭምር የሚይዝ ማሰሪያ ከተጠማዘዘ ቀጭን ቅርንጫፍ ሠራ፤ ስኪውንም ከወገቡ አጠበበው፤ በዚህም ምክንያት እየዘለለና እየታጠፈ ለመውረድ ቻለ። በ1868፣ ዕድሜው ከ40 በላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ክርስቲያንያ ትባል በነበረችው በኦስሎ ከወጣቶች ጋር ተወዳድሮ ሁሉን አሸነፈ። ኋላ ግን ኑሮ ቢከብደው በ1884 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ1897 በዚያው ዐረፈ። ዛሬ አገሩ ስሙን በክብር ይጠራዋል። ጠቢብነት በማዕረግ እንደማይገኝ ለተማሪ ለማስረዳት ይህ ታሪክ የተመቸ ነው።

ወደ ሆልመንኮለን የሚገባ ጐብኚ ከጥንታዊ ስኪዎች አጠገብ ወደ ምድር ጫፍ የተጓዙትን ሰዎች ዕቃ ያያል። ፍሪትዮፍ ናንሰን በ1888 ከአምስት ባልንጀሮቹ ጋር በስኪ ግሪንላንድን አቋረጠ፤ ከእርሱ በፊት የዚያን ደሴት መካከለኛ በረዶ ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠ አልነበረም። ሮአልድ አሙንድሰንም ከአራት ሰዎች ጋር በስኪና በውሾች በሚሳብ መንሸራተቻ ተጉዞ በታኅሣሥ 1911 ወደ ደቡብ ዋልታ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ደረሰ። አዳኞች ከ5,000 ዓመት በፊት ሥጋ ፍለጋ የሄዱበት ፍልጥ የምድርን መጨረሻ ለማየት አበቃ።

ለበጎ ታስቦ ስለ ደረሰ ጉዳት

በሰሜን ኖርዌይ ትሮ በምትባል ደሴት ላይ በስኪ የቆመ ሰው ሥዕል በዐለት ተቀርጾ ይገኛል። ዕድሜው ከ4,000 ዓመት በላይ ነው፤ በ1994 በሊለሃመር ከተማ የተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ምልክት ከእርሱ የተወሰደ ነበር። በ2016 ሁለት ወጣቶች ሥዕሉ ደብዝዞ አይተው ለሰው ሁሉ እንዲታይ በማለት ጠርዙን በስለት እየፋቁ አጐሉት። ክፋት አላሰቡም፤ ነገር ግን የጥንቱ ሰው እጅ ያሳረፈው መሥመር በነርሱ መሥመር ተሸፈነ፤ ወደ ቀድሞው ሁኔታም ሊመለስ አልቻለም። ጥፋታቸውንም ራሳቸው አመኑ።

ይህን ነገር አስተማሪዎችና ሽማግሌዎች በብርቱ ሊያስተውሉት ይገባል። አሮጌ ዕቃ የሚጠፋው በጠላት እጅ ብቻ አይደለም፤ አዲስ ሊያደርጉት ሲሉ ቀለም በሚቀቡት፣ በአሸዋ በሚፈትጉት፣ ጥቀርሻውን በሚያጥቡት ወዳጆቹ እጅም ይጠፋል። በእርፍ ላይ የእጅ ላብ ያወጣው ጠገግ፣ በወፍጮ ላይ የመጅ መሄጃ ጐድጓድ፣ እነዚህ እድፍ አይደሉም፤ የዕቃው ታሪክ ናቸው።

ኢትዮጵያዊው በበረዶ ላይ

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሰው ፈጽሞ ባዕድ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። በ1974 በአዲስ አበባ የተወለዱት አቶ ሮቤል ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያ ስኪ ተማሩ። በ2006 በኢጣልያ አገር በቶሪኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዘው በ15 ኪሎ ሜትር የበረዶ ሩጫ ተወዳደሩ፤ በዚህም በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተሰለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ። በ2010 በካናዳ አገር በቫንኩቨር እንደ ገና ተሰለፉ። ሁለቱንም ጊዜ ከአገራቸው ብቻቸውን ነበሩ። በእግር ሩጫ የታወቀ ሕዝብ ልጅ በሁለት ፍልጥ ላይ ቆሞ መሮጡ፣ የአንድ አገር ብልሃት ለሌላው አገር ልጅ ሊማሩት የሚቻል መሆኑን ያሳያል።

ለመንደር ትምህርት ቤት የሚገባው ሥራ

እንግዲህ የኖርዌይ ሰው ለፍልጥ ቤት ከሠራለት፣ የኢትዮጵያ ገበሬ እህል ያበቀለበት ሞፈርና ቀንበር ምን ክብር ይገባው ይሆን? ማረሻ፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ማነቆ፣ ምራን፣ እነዚህ እያንዳንዳቸው ስምና ሥራ፣ የተለየ የእንጨትና የቆዳ ምርጫ፣ ብዙ ዘመን የተፈተነ ልክ ያላቸው ናቸው። ነገር ግን በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ እርሻ የነበረው ብዙ መሬት ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ሆኗል። እንስራ በጄሪካን ተተክቷል፤ የድንጋይ ወፍጮ በሞተር ወፍጮ ቀርቷል። ይህ ለኑሮ ዕረፍት ነውና አይነቀፍም፤ ውኃ የቀዳችና እህል የፈጨች እናት ድካሟን ታውቀዋለች። የሚያስፈራው ዕቃው መቅረቱ ሳይሆን፣ ከዕቃው ጋር ስሙና ዕውቀቱ አብሮ መቀበሩ ነው። አያቱ በሬ ጠምዶ ያረሰበት መሬት ላይ ተወልዶ ድግር ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ልጅ ዛሬ አለ። የሚነግሩት ሽማግሌዎች ግን ሁልጊዜ አይኖሩም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በአንዲት ክፍል ጥግ፣ ወይም በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ ትንሽ ቤተ መዘክር ሊያቋቁም ይችላል። ሥራውም እንዲህ ይሁን።

አንደኛ፣ ስፍራው ደረቅ፣ ከምስጥና ከዝናብ የራቀ ይሁን፤ ዕቃው ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ዕቃ የሚሰጥ ሰው በፈቃዱ ይስጥ እንጂ አይገደድ። ሰጪው ሲፈልግ ሊመልስ እንዲችል በመዝገብ ተጽፎ ፊርማው ይቀመጥ። አገልግሎት ላይ ያለ መሣሪያ ከገበሬው እጅ አይወሰድ።

ሦስተኛ፣ ከዕቃው ይልቅ ቃሉ ይጻፍ። የዕቃው ስም በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ከምን እንጨት እንደ ተሠራ፣ ማን እንደ ሠራው፣ በምን ወራትና ለምን ሥራ እንደ ዋለ፣ ስንት ጊዜ እንደ ተጠገነ በወረቀት ተጽፎ ከአጠገቡ ይሰቀል። ስም የሌለው ዕቃ ፍልጥ ነው፤ ስሙ የተጻፈለት ግን ምስክር ነው። ተማሪው ሽማግሌውን ጠይቆ ሲጽፍ ጽሕፈትንም ትሕትናንም ባንድ ጊዜ ይማራል።

አራተኛ፣ ማንም ቀለም አይቀባ፣ አይፋቅ፣ አያድስ። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ማራገፍ ይበቃል።

አምስተኛ፣ ንዋየ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት በየአድባራቱና በየገዳማቱ ይኑሩ እንጂ ወደ ትምህርት ቤት አይምጡ። ከመሬት ውስጥ ተቈፍሮ ወይም ከጥንት መቃብር የተገኘ ነገር ቢኖር ሳይነካ ለባህል መሥሪያ ቤት ይነገር፤ የተገኘበት ስፍራ ከዕቃው የማያንስ ታሪክ አለውና።

ስድስተኛ፣ በወር አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት ተጋብዘው በዕቃው እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ ለልጆቹ ያሳዩ። ልጆቹም በእጃቸው ይሞክሩት።

ይህን ሥራ የጀመረ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ወደ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ይችላል፤ መንገዱ ከሰበታ ቅርብ ነው። በስድስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ያለው ቤተ መዘክር የኢትዮጵያ ሕዝቦችን ኑሮ ከልደት ጀምሮ እስከ ሞት ድረስ በዕቃዎቻቸው ያሳያል። ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት በ1961 ነው። በዚያ የገበሬና የሸማኔ፣ የእናትና የሕፃን ዕቃ በነገሥታት ቤት ተቀምጦ ሲያዩ፣ ተማሪዎቹ በመንደራቸው መደርደሪያ ላይ ያኖሩት ሞፈር ወንድም እንዳለው ያውቃሉ።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብም ብዙ ዕቃም አያስፈልግም። በዚህ ወር አንድ ቀንበር፣ አንድ መዝገብና አንድ ሽማግሌ ከተገኙ ይበቃል። ቀንበሩን የጠረበው ማን እንደ ሆነ የሚያውቀው ሰው በሕይወት ሳለ ይጠየቅ፤ የተናገረውም በዚያው ቀን ይጻፍ።